የድባቡ ክር

በቢቸና የጡረተኛ ወታደሮች ማኅበር አለ። ከአባላቱ አንዱ ሲሞት ሊቀ መንበሩ መቃብሩ አጠገብ ቆመው የሟቹን የአገልግሎት ታሪክ ያነባሉ። መቼ እንደ ተቀጠረ፣ የት እንደ ዘመተ፣ ምን እንደ ተሸለመ። ከማኅደሩ የተገለበጠውን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ከራሳቸው አይጨምሩም። ሰው ቆሞ ይሰማል። ከዚያ አፈር ይመለሳል።

ባለቤቴ ያንን ንባብ ለብዙ ጓደኞቹ ሰምቷል። አንድ እሑድ ግን የራሱን ሰማ።

የጡረተኞቹ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው ተብሎ የሁሉም ማኅደር ግልባጭ ለማኅበሩ ተልኮ ነበር። ስሕተት ያለበት እንዲያመለክት ሊቀ መንበሩ በስብሰባ ላይ አንድ በአንድ አነበቡ። የባለቤቴ ተራ ሲደርስ ቆስሎ ሆስፒታል የተኛበት ዘመን ከአገልግሎቱ ጎድሎ ተገኘ። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣

«ሽልማት፤ የለም» አሉ።

«አለ እንጂ» አለ ባለቤቴ።

«ታዲያ የታለ? ለማን አበደርከው? ለበዓል ይመለስልሃል?»

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ «ሚስቱ ለማሰሮ ክዳን አድርጋው ይሆናል» ሲል የባሰ ሳቁ። ባለቤቴ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ይህን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ እዚያ ነበረ። ባለቤቴ ቤት ገብቶ ኮፍያውን ምስማሩ ላይ ሰቀለና ተቀመጠ። ምሳ አቀረብሁ፤ ቀመስ አድርጎ ተወው። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ምንም» አለኝ። ራት ላይ ግን ሳልጠይቀው ተናገረ።

«በመቃብሬም ላይ የለም ብለው ነው የሚያነቡት።»

ከዚያ ወዲያ አላነሣውም። ኮፍያውም ከተሰቀለበት አልወረደም። ከቅዳሴ በኋላ ጡረተኞቹ የሚቀመጡበት የግንብ ጥግ አለ፤ በዚያ ላለማለፍ ሲል ቤተ ክርስቲያን መሄዱን ተወ። እኔን ከሁሉ ያስጨነቀኝ ይኸ ነው። ሰንበት በመጣ ቁጥር ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ቆም እላለሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» ይለኛል። ብቻዬን እሄዳለሁ።

ልጆቻችን ሩቅ ናቸው። ኔትወርክ ሲኖር ይደውላሉ። በጠፋበት ወር ደግሞ አንዳንዴ ስልኩን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ቤቱ ሁለታችንን ይዞ ዝም አለ። እሱ ዘመቻ ላይ በነበረ ጊዜም ብቻዬን ነበርሁ፤ ያኔ ግን የምጠብቀው ነበረኝ። አሁን የምጠብቀው ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

የሽልማቱ ሜዳይ የት እንዳለ ግን አውቅ ነበር። ሞጣ ነው።

ባለቤቴ የሞጣ ልጅ ነው። ጦርነት ላይ ሳለ ወሬው በጠፋ ጊዜ እናቱ ለደብሯ ታቦት ተሳለች። ልጄን በሕይወት ብትመልስልኝ፣ ወደ ቤት ሲገባ በእጁ የያዘውን ለአንተ አገባለሁ አለች። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይገባምና፣ ጨርቅ ወይም ጃንጥላ ይዞ ይመጣል ብላ ነው። እሱ ግን የመጣው እንዳመለጠ ሰው ነው። ሻንጣው፣ ልብሱ፣ የሽልማቱ የምስክር ወረቀት፣ ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቶበታል። በመሐረብ የጠቀለላት ሜዳይ ብቻ በጭብጡ ውስጥ ነበረች።

እኔ የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌ ከአማቴ ኋላ ቆሜ ነበር። አማቴ ቀድማ ያየችው እጁን ነው።

«ይቺ ላንቺ ናት፣ እማዬ» አላት።

እሷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ኋላ እንባዋን ስትጠርግ ስለቷን ነገረችው። እሱም መሐረቡን መልሶ ጠቅልሎ ሰጣት።

ለታቦት የገባ ስለት ከንግሥ በኋላ በጨረታ ይሸጣል። ጃንጥላው ተሸጠ፣ መጋረጃው ተሸጠ፣ ሜዳዩ ሲወጣ ግን የሚጫረት ጠፋ። የሰው ደም ያለበትን ማን ይገዛል ተባለ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁ ናቸውና ይዘውት ገቡ። በድባቡ ጫፍ ዙሪያ በተሰፉት ትንንሽ ቃጭሎች መካከል በክር ሰፉት። ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚያዘው ያ በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ትልቅ ጥላ ነው ድባብ። ከዚያ ወዲህ የባለቤቴ ሜዳይ በየጥምቀቱ ሞጣን ሲዞር ኖሯል። አማቴም እሱን እያየች አርጅታ ሞተች።

«ለምን ይህን አትነግራቸውም?» አልሁት አንድ ቀን።

«ስለቱ የእናቴ ነው። እሷን ለምስክርነት አላቆማትም።»

ነገሩ ለሱ አልቋል። ለእኔ ግን አላለቀም። የሆስፒታሉን ወረቀት ከሣጥን አውጥቼ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። የጡረተኞቹን ጉዳይ የያዘችው ልጅ እግር ሴት ናት። ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

«የሆስፒታሉ ይበቃል፣ እማማ። እሱን ዛሬውኑ አስተካክላለሁ» አለችኝ።

«ሽልማቱስ፣ ልጄ?»

«የምስክር ወረቀቱ ካለ…»

«መንገድ ላይ ቀርቷል።»

«ሜዳዩ ካለም ይሆናል። ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ፊቱንና ጀርባውን በስልክ አስነሥተው ያምጡልኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው።»

«ዕቃ ቤት ተቀምጦ?»

«የለም፤ ድባብ ላይ ተሰፍቶ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አየችኝ። «እኔ እዚህ ከተቀመጥሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ መጥቶብኝ አያውቅም» አለች። ሳቀች፤ በእኔ ላይ ግን አይደለም። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት።

«የተሰጠ አይጠየቅም» አለ።

«አልጠይቅም። አይቼ ነው የምመለስ።»

ጠዋት ለመውጣት ስነሣ ግን ምርኩዜ ከጓዳ ወጥቶ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

ገና አልፎ ጥምቀት እየቀረበ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተ ሰሞን ስለሆነ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አማተብሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ማንን ብዬ እንደምሄድ ጠየቀችኝ። «ባለቤቴን ብዬ» ስላት ሞጣ ያለ መስሏት «በደኅና ያገናኝሽ» አለችኝ።

ደብሩ ስደርስ ዲያቆናቱ ለበዓሉ ዕቃ ያጸዱ ነበር። ሰሌን አንጥፈው፣ የተቆረጠ ሎሚና የተነፋ አመድ በሳሕን አድርገው ጽናጽሉንና መስቀሉን ያሻሉ። ድባቡ በነጭ አንሶላ ላይ ተዘርግቷል። ሜዳዩን የሰፉት ቄሰ ገበዝ አርጅተዋል እንጂ በሕይወት አሉ። ማን መሆኔን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«የሷ ምራት! ልጁስ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ አባ። ሜዳዩን ላየው ነው የመጣሁት።»

«ነይ፣ ነይ፤ እንዴት አድርገን እንደያዝንላት ታያለሽ።»

የድባቡን ጫፍ አነሡልኝ። ከቃጭሎቹ ሁሉ የሚያበራው እሱ ነበር፤ እንደ መስተዋት። ፊቱ ላይ የነበረው ምስል ተሽቶ አልቋል። እንደ ኮከብ የሆነው ጠርዙና ከላይ ያለው ማንጠልጠያው ብቻ ቀርተዋል።

«ጀርባውን ያዙሩልኝ፣ አባ።»

አዞሩልኝ። ልሙጥ ነው።

«ቁጥር ነበረው እኮ።»

«የምን ቁጥር?»

«ጀርባው ላይ የተቀረጸ።»

ወደ ሜዳዩ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እኛ ጀርባውንም እናሻለን እኮ» አሉኝ። «በየጥምቀቱ እናሻለን፣ በየንግሡ እናሻለን። ለታቦት ክብር ሲሆን ፊቱን አብርተን ጀርባውን እንተዋለን እንዴ?»

ምን እላለሁ? ማንም አልበደለኝም። ልጄን አጥቤ እንደማበስ አጥበው አብሰው ነው የያዙልኝ። ጎንበስ ብዬ የአንሶላውን ጫፍ ተሳለምሁ። አንድ ዲያቆን በስልኩ ፊቱንም ጀርባውንም አነሣልኝ። ሌሊቱን ከዘመድ ቤት አድሬ ተመለስሁ።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ልጅ ፎቶውን ደጋግማ አየችው።

«እማማ፣ ይኸ የካፖርት ቁልፍ ነው ቢሉኝ ምን ብዬ እከራከራለሁ?»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ።»

ትንሽ አሰበች። መመሪያውን ገለጥ ገለጥ አደረገች። በጦሩ ያገለገለና ሽልማቱን የሚያውቅ ሰው በዓይኑ አይቶ ቢፈርም፣ የማኅበሩም ማኅተም ቢያርፍበት፣ በምስክር መመዝገብ እንደሚቻል ነገረችኝ። ማኅተሙ ያለው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው። ሽልማቱንም ከማኅበሩ ሰው ለይተው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ የአዛዣቸው ደረት ላይ ያዩት ነበር።

ሊቀ መንበሩ አሥር አለቃ ነበሩ፤ እስካሁን የምንጠራቸው በማዕረጋቸው ነው። ወፍጮ ቤት አላቸው። ስገባ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው ነበር።

«እትዬ! እህል የታል?»

«ዛሬ እህል አይደለም፣ አሥር አለቃ። የባለቤቴን ሜዳይ ላሳይዎ ነው።»

ወፍጮውን አጠፉት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ይዘሽው መጣሽ?»

«የለም። ሞጣ፣ ድባብ ላይ ነው።»

«ድባብ ላይ!» ወረፋ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረው፣ «ሰማችሁ? እኛ ደረታችን ላይ አጥተን እሱ ጥላ ላይ ሰቅሎታል!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

ስለቱን ነገርኋቸው። በአጭሩ ነው የነገርኋቸው። እናት ብዬ ስጀምር ፈገግታቸው ቀነሰ።

«እትዬ፣ እኔ የማምነው ዓይኔን ነው» አሉ።

«እንግዲያውስ ዓይንዎን ይዘው ለጥምቀት ይምጡ። መኪናውን እኔ እከፍላለሁ።»

«ኧረ ተይኝ፤ ሴት ትከፍልልኝ?»

መጡ። ጫማቸውን ወልውለው፣ ነጭ ኩታ ለብሰው መናኸሪያው ጠበቁኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ እህል ዋጋና ስለ ወፍጮው ሞተር አወሩ። ስለ ባለቤቴ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም። እኔም አላነሣሁም።

ታቦቱ ከተራ ዕለት ወርዶ ድንኳን ውስጥ አደረ። በጥምቀት ማለዳ፣ ሕዝቡ ከጠበሉ ወዲያ ሲጋፋ፣ ቄሰ ገበዙ ከድንኳኑ ደጃፍ ጤዛ የነካውን ድባብ ያብሱ ነበር። ወስጄ አስተዋወቅኋቸው። አሥር አለቃ ጫማቸውን አውልቀው ቀረቡ። ቄሰ ገበዙ ጫፉን ዝቅ አደረጉላቸው። አሥር አለቃም ሜዳዩን በኩታቸው ጫፍ ያዙት።

ቶሎ አልለቀቁትም። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ማንጠልጠያውን ዳሰሱ፤ በመዳፋቸው መዘኑት። ልሙጥ ጀርባውንም አዩ። አይደለም ቢሉ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

«ነው» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ታቦቱ ሲነሣ ከሕዝቡ ጋር ገብተው እስከ ደብሩ ድረስ ተከተሉ። ድባቡ ብቅ ጥልቅ ሲል ሜዳዩ ከጎኑ ያለውን ቃጭል ይመታል። ሌሎቹ ይንሿሿሉ፤ የእሱ ድምፅ ግን ደፈን ያለ ነው፣ ጣት በር ሲያንኳኳ እንደሚሰማው። አማቴን አሰብኋት።

ስንመለስ አሥር አለቃ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ብዙ መንገድ ሄዱ። ግንደ ወይን ካለፍን በኋላ ነው የተናገሩ።

«ክሩ ሳስቷል። አንድ ቀን ይበጠስና ሕዝብ ይረግጠዋል። ንገሪያቸው።»

«እሺ» አልሁ።

በማግስቱ ፈረሙ፤ ማኅተሙንም አደረጉ። የወረዳዋ ልጅ ማኅደሩ ላይ ጻፈችና ግልባጩን ሰጠችን። ወደ ቤቴ ስሄድ አሥር አለቃ አብረውኝ መጡ። በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አደረጉ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀምጧል።

«ቁም ነገር ይዤ ነው የመጣሁት፤ አዳምጥ» አሉትና ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ። የተቀጠረበትን፣ የዘመተበትን፣ የቆሰለበትን፣ ሆስፒታል የተኛበትን። ድምፃቸው የመቃብሩ ድምፅ ነው። መጨረሻው ላይ ቆም አሉ።

«ሽልማት፤ አለ።»

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ዞረ። እኔን አየኝ፤ እሳቸውን አየ።

«ሞጣ ሄደህ ነበር?»

«ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ በር ላይ ቁም ያለህ ማን ነው? ግባ እንጂ።»

ገቡ። ይቅርታ አልተባባሉም። ጠላ ቀዳሁላቸው። አንዱ ሲረሳ ሌላው እያስታወሰ የጥንት ነገር ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ሊሄዱ ሲነሡ ክሩ መሳሳቱን ነገሩት።

«የምን ክር ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ተራ የስፌት ክር።»

«ተራ ክር እንዴት ይችለዋል?»

በማግስቱ ጥጥ አስፈተለኝ። ወታደር መርፌና ክር ያውቃል፤ የቦት ጫማውን ሳይቀር የሚሰፋ እሱ ነው። ፈትሉን ደራርቦ ጭኑ ላይ አከረረው፣ እንደገና አጥፎ አከረረው፣ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ባመጣሁት ጧፍ እየሳበ ሰም አጠጣው። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። በጥርሱ ጎትቶ ሞከረው። አልበጠስ ሲለው በባዶ የክብሪት ቀፎ ላይ ጠቀለለና፣

«ለሚመጣው ጥምቀት አብረን እንወስደዋለን» አለኝ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ኮፍያው ወረደ። ቅዳሴ አብረን ሄድን፤ ሲወጣም ከግንቡ ጥግ ተቀመጠ። እሱን እዚያ ትቼ ብቻዬን ወደ ቤት ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከፋኝም። ተመስገን። ክረምቱንም እንዲሁ አሳለፍን።

በኅዳር ታመመ። ብዙ አልተኛም። ልጆቹ መንገድ ተዘግቶባቸው አልደረሱም።

ቀብሩ ላይ አሥር አለቃ ወረቀቱን ይዘው ቆሙ። የተጻፈውን እንጂ ከራሳቸው አይጨምሩም ብያለሁ፤ ያን ቀንም አልጨመሩም። ሽልማት የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ከወረቀቱ ቀና አሉ።

«አለ» አሉ።

ሰው ሰማ። አፈሩ ተመለሰ። እኔ በዚያ መካከል ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ባል እየተቀበረ እንዴት ታመሰግናለች የሚል ቢኖር ስለ ሌላ ምንም አይደለም፤ ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

ጥምቀት ሲደርስ የክብሪት ቀፎውን በመቀነቴ ቋጥሬ ብቻዬን ሞጣ ሄድሁ። ቄሰ ገበዙ አሮጌውን ክር ቆረጡ፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አዲሱን የሰፋው ዲያቆኑ ነው። ሰሙ መርፌውን አላሳልፍ ብሎት አቃሰተ።

«ምን ዓይነት ክር ነው ይኸ፣ እማማ?»

«ባለቤቴ ያከረረው ነው» አልሁት።

በማግስቱ ታቦቱ ሲነሣ ከሴቶቹ ጋር በስተኋላ ቆምሁ። ድባቡ ከሰው ራስ በላይ ወጣ፤ ቃጭሎቹ ተንሿሹ። ያ ደፈን ያለው ድምፅ በመካከላቸው ይሰማኛል። እስከ ደብሩ ተከተልሁት። ማታ ወደ ቢቸና ተመልሼ በሬን ከፈትሁ፤ ኮፍያው ምስማሩ ላይ ነበር።